ምዕራፍ 7፦ የሌለ ንጉሥ ስም

ፖሊቢዮስ የታሪክን ምክንያት ፍለጋ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ጸሐፊ አልነበረም። ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ሰው ወደ አማልክቱ ቢጮኽ አይፈርድበትም፤ ምክንያቱ በሰው እጅ በሆነ ነገር ላይ መለኮትን መጥራት ግን ለእሱ ከማሰብ መሸሽ ነበር። በዘመኑ የግሪክ ከተሞች የሰው ቁጥራቸው እየመነመነ ሲሄድ፣ ለዚህ ትንቢት መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሰዎች ትዳርንና ልጅ ማሳደግን ስለሸሹ ነው ሲል በግልጽ ጽፏል። ይኸው ሰው አንድ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰጠ። መቄዶንያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ149 እና በ148 ያደረጉትን ሲተርክ፣ አማልክት ልቡናቸውን ቢነሷቸው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አይገኝለትም አለ።

ያደረጉት ይህ ነው። ከትንሿ እስያ የመጣ፣ አባቱ ጨርቅ አጣቢ ነው የሚባል አንድ ቅጥረኛ ወታደር የንጉሥ ፐርሴዎስ ልጅ ፊልጶስ ነኝ አላቸው፤ ተከተሉት። ተከትለውትም ለእውነተኛው ንጉሣቸው ሲዋጉ ያላገኙትን ድል ለእሱ አስገኙለት፤ አንድ የሮማ ጦር ከነአዛዡ ደመሰሱ። ፖሊቢዮስ ሰውየውን ከሰማይ ዱብ ያለ ፊልጶስ ይለዋል። ስሙ አንድሪስኮስ ነው።

በዚህ ምዕራፍ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ብዙ ሰው ሐሰተኛ መሆኑን እየጠረጠረ ራሱን ያነገሠን ሰው እስከ ሞት የሚከተለው ለምንድን ነው? ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስታውስልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ሁሉም ከልደት በፊት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ታች ይሄዳል፣ 148 የሚመጣው ከ149 በኋላ ነው።

ሮማ የለቀመቻቸው ሰዎች

በምዕራፍ 4 የፒድናን ውጊያ አይተናል። በ168 ሰኔ ወር፣ ጨረቃ በተጋረደችበት ሌሊት ማግስት፣ ሉክዮስ ኤሚልዮስ ጳውሎስ ረጃጅም ጦር የታጠቀውን የመቄዶንያ ሰልፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰበረው። ንጉሥ ፐርሴዎስ ወደ ሳሞትራቄ ደሴት ሸሽቶ እዚያ እጁን ሰጠ፤ በ167 በሮማ የድል ሰልፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ለሕዝብ ታየ፤ ከዚያም አልባ ፉከንስ በምትባል የኢጣልያ ከተማ በእስር ሞተ። ከልጆቹ ሁለቱ በግዞት አለፉ። የተረፈው እስክንድር የብረታ ብረት ጌጥ ቀረጻ ተማረ፣ ላቲን ለመደ፣ ለሮማ ሹማምንት ጸሐፊ ሆኖም ተቀጠረ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ሥራውን የሚያውቅ ጥሩ ጸሐፊ ነበር ይለዋል። እስያን ያስገበረውን ንጉሥ ስም የወረሰው ልዑል የድል አድራጊዎቹን መዝገብ እየጻፈ እንጀራውን በላ።

በአገሩ ላይ የሆነው ግን ከዚህ የከበደ ነበር። ሮማ መቄዶንያን በአራት ክፍል ቆረጠቻት። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ከዋና ከተሞቻቸው ሁለቱን ያውቃቸዋል፤ ጳውሎስ ከፊልጵስዩስ ተነሥቶ ያለፈባት አንፊጶልና የደረሰባት ተሰሎንቄ ናቸው። ሌሎቹ ፔላና ፔላጎንያ ነበሩ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማግባት ተከለከለ፤ ከራስ ክፍል ውጪ መሬትም ቤትም መያዝ ተከለከለ። የወርቅና የብር ማዕድኑ ተዘጋ፤ መርከብ የሚሠራበት እንጨት እንዳይቆረጥ፣ ጨውም ከውጭ እንዳይገባ ታዘዘ። በአንጻሩ ሮማ የጠየቀችው ግብር 100 መክሊት ብር ነበር፤ ነገሥታቱ ይሰበስቡት ከነበረው ከግማሽ ያንሳል። አንድ መክሊት 26 ኪሎ ግራም ያህል ነው። እያንዳንዱ ክፍልም የራሱን ሹማምንት እንዲመርጥ ተፈቀደለት።

ፖሊቢዮስ ያየው ይህን የመጨረሻውን ነው። ግብር ቀንሷል፣ የንጉሥ ቀንበር ወርዷል፣ ታዲያ ምን ጎደላቸው? ለእኔ ቁልፉ ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ በወጣው ሌላ ትእዛዝ ላይ ነው። የንጉሡ ወዳጆችና አማካሪዎች፣ የጦር አዛዦች፣ የመርከብ አለቆች፣ የምሽግ ጠባቂዎች፣ በቤተ መንግሥት ሥራ ላይ የነበረ ሁሉ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ እንዲሄዱ ታዘዙ። የቀረ በሞት ይቀጣል።

ጎረቤቶቹም አልተረፉም። በኤጲሮስ 70 ከተሞች ተዘርፈው 150,000 ሰው ለባርነት ተሸጠ። ከደቡብ ግሪክ ከአካይያ 1,000 ታዋቂ ሰዎች ለፍርድ ትፈለጋላችሁ ተብለው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ ፍርዱም ሳይመጣ 17 ዓመት ያህል ቆዩ። በ150 አካባቢ እንዲመለሱ ሲፈቀድላቸው በሕይወት የነበሩት 300 አይሞሉም። ፖሊቢዮስ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ሰዎቹ የተለቀሙበትን መንገድ በሥጋው የቀመሰ ሰው፣ ያው ነገር መቄዶንያ ውስጥ ምን ባዶ እንደተወ አለማየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መሪ ሊሆን የሚችል ሰው ሁሉ ከአገር ወጥቷል። ሊያግዙት ያልቻሉት አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እሱም ስሙ ነው።

ጥብጣቡና ደብዳቤው

አንድሪስኮስ የተነሣው በትንሿ እስያ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ካለችው ከአድራሚጢዮን ነው። ዲዮዶሮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ነገሩ የጀመረው በሶርያ፣ በንጉሥ ድሜጥሮስ ጦር ውስጥ ነው። ሰውየው መልኩና ቁመቱ የፐርሴዎስን ቤት ይመስል ነበርና ባልደረቦቹ የፐርሴዎስ ልጅ እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ውሎ አድሮ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ከንጉሡ ፊት ቀርቦ የአባቴን ዙፋን አስመልስልኝ አለ። የሶርያን መንግሥት የመሠረቱት የታላቁ እስክንድር ወታደሮች ነበሩና የመቄዶንያ ስም እዚያ ደም ያሞቃል፤ ሕዝቡ ወይ አግዘው፣ ወይ ንግሥናውን ልቀቅ ብሎ አደመ። ድሜጥሮስ ሌሊት አስይዞ ወደ ሮማ ላከው።

ሮማውያን ንቀውት በቅጡ እንኳ አላሰሩትም፤ አመለጠ። ሚሊጢን ላይ የከተማው ሹሞች ያዙትና ምን እናድርገው ብለው በዚያ ያረፉ መልእክተኞችን ጠየቁ። መልእክተኞቹ ስቀው ልቀቁት አሏቸው።

አሁን ስለ ሰውየው ታሪክ ራሱ፣ እሱ ስለሚናገረው ማለቴ ነው፣ ጥቂት ልቆይበት። ተረቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ለጦርነቱ ክፉ ቀን መጠባበቂያ እንዲሆን ሕፃን ሳለ ለአንድ የቀርጤስ ሰው በአደራ ተሰጠ፤ አድራሚጢዮን ውስጥ የዚያ ሰው ልጅ መስሎት አደገ። አሳዳጊው ሲሞት በፐርሴዎስ ማኅተም የታሸገ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ሁለት የተቀበረ ሀብት ያመለክታል። 150 መክሊት አንፊጶል ውስጥ፣ 70 መክሊት ተሰሎንቄ ውስጥ፣ የተቀበሩበት ቦታና ጥልቀት ሳይቀር ተጽፎ። 150 መክሊት ማለት ወደ 3,900 ኪሎ ግራም ብር ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሀብቱ ያለው ተለያይተው በተቆረጡት ክፍሎች በሁለቱ ዋና ከተሞች ነው። ብሩ መሬት ውስጥ ኖረም አልኖረም፣ ታሪኩ መቄዶንያን እንደ አንድ አገር መልሶ ሰፍቷታል።

ከዚያ ወደ ጴርጋሞን ሄደ። የፐርሴዎስ ቁባት የነበረች ካሊጳ የምትባል ሴት እዚያ ትኖር ነበር፤ አቴናዮስ ከሚባል ጴርጋሞናዊ ጋር ተጋብታለች። ተቀበለችው። የንጉሥ ልብስ፣ ሁለት ባሪያዎችና ዘውድ ሰጠችው። ዘውድ ስል የወርቅ አክሊል አይታያችሁ፤ ከእስክንድር በኋላ የነገሡት ሁሉ የንግሥና ምልክታቸው በግንባር ዙሪያ ታስሮ ከኋላ የሚቋጠር የጨርቅ ጥብጣብ ነበር። አንዲት ሴት ከሣጥኗ አውጥታ ልትሰጠው የምትችለው ነገር ነው። ካሊጳ ልጁ መሆኑን አምና ይሁን ወይስ የድሮ ቤቷን ለመበቀል፣ ማንም አልጻፈውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰውየው ቃል ምስክር ተገኘለት፤ ፐርሴዎስን በቅርብ ታውቀው የነበረች ሴት አልብሳዋለች።

ትራቅያ ደግሞ ጦር ሰጠችው። ቴሬስ የሚባለው የትራቅያ አለቃ የፐርሴዎስን እኅት አግብቷል። 100 ወታደር ሰጠው፣ ጥብጣቡንም በራሱ እጅ አሰረለት። ሌሎች አለቆች ሌላ 100 ጨመሩ። ቢዛንጥዮን በክብር ተቀበለችው። መቄዶንያን ሊወር የተነሣው ሰው በእጁ የነበረው መነሻ ጦር እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

እቁብ ሲጀመር

መጀመሪያ ላይ መቄዶንያውያን ተዋጉት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል፣ ለእኔ ግን ሁሉንም የሚያስረዳ ነጥብ ነው። ኦዶማንቲኬ በሚባለው ምሥራቃዊ ወረዳ አንድ የመቄዶንያ ጦር ገጠመው፤ አሸነፈው። ስትሪሞን ወንዝን ተሻግሮ እንደገና ገጠሙት፤ አሁንም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ገባለት። ትናንት ሐሰተኛ ነው ብለው የወጉት ዛሬ ንጉሣችን አሉት። ስለ ልደቱ በመካከሉ የተገኘ አዲስ ማስረጃ የለም። ታዲያ ምን ተለወጠ?

እቁብ የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘቡን የሚያስረክብ አባል ዳኛውን ማመኑ ብቻ አይበቃውም፤ ሌሎቹ ዕጣ ከወጣላቸው በኋላም መክፈላቸውን እንደማያቋርጡ ማመን አለበት። እሱ የሚከፍለው እነሱ ይከፍላሉ ብሎ ነው፤ እነሱም የሚከፍሉት እሱ ይከፍላል ብለው ነው። ብቻውን የከፈለ ከሠረ። ሁሉም ከከፈሉ ግን ቀድሞ ያልነበረ፣ ሱቅ የሚያስከፍት ገንዘብ ይሰበሰባል። ስለዚህ ሰፈርተኛው ዳኛ ሲመርጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ጻድቅ አይፈልግም፤ ስሙ በሁሉም ዘንድ የታወቀውን ይፈልጋል። እገሌ ዳኛ ነው ሲባል እያንዳንዱ ጎረቤቴ ይገባል ብሎ ይገምታል፤ ስለገመተም ይገባል።

ተመራማሪዎች ይህን የጋራ እውቀት ይሉታል። እኔ አንድ ነገር ማወቄ አይበቃም፤ አንተ እንደምታውቅ ማወቅ አለብኝ፣ አንተም እኔ ማወቄን ማወቅ አለብህ። አመፅ ሁሉ በዚህ መሰላል ላይ ይወጣል ወይም ከዚህ መሰላል ላይ ይወድቃል። በሮማ ላይ ብቻውን ጦር ያነሣ ገበሬ ይሰቀላል፤ መቶ ሺህ ሰው በአንድ ቀን ካነሣ ግን ሮማ ትጨነቃለች። ችግሩ ቀኑንና ሰልፉን ማን ይንገራቸው የሚለው ነው።

በመቄዶንያ ይህን ሊናገር የሚችል ነገር ንግሥና ብቻ ነበር። አገሩ እንደ አቴና በሸንጎ የሚመክር ከተማ አልነበረም። ወታደር የሚጠራው በንጉሥ ስም፣ ግብር የሚሰበሰበው በንጉሥ ስም፣ ከጎረቤት ጋር ውል የሚታሰረው በንጉሥ ስም ነው። ፊልጶስ የሚለው ስም ደግሞ የእስክንድርን አባትና የፐርሴዎስን አባት በአንድ ላይ ያስጠራል። ንጉሥ ፊልጶስ ስትሪሞንን ተሻገረ የሚል ወሬ ሲሰማ ማንኛውም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ የሚበልጠው ደግሞ ጎረቤቱም ያንኑ እንደሚያውቅ ማወቁ ነው።

እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ኃይሉን ያጣል። አንድ ሰው በልቡ ቢጠራጠር ጥርጣሬውን ብቻውን በመናገር የሚያተርፈው የለም። ሁሉም ከተሰለፉ እሱም ይሰለፋል፤ ካልተሰለፉ እውነተኛ ልዑልም ቢመጣ አይሰለፍም። ሁለቱ የመጀመሪያ ድሎች ያረጋገጡት የሰውየውን ደም አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሌሎቹ እንደሚገቡ እንዲገምት ምክንያት ሰጡት፤ በእቁቡ ቋንቋ የመጀመሪያው ዙር ተከፈለ።

ሮማ በ167 የሠራችው ሥራ መልሶ የወጋትም እዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛውን ሊያጋልጡ የሚችሉት፣ የቤተ መንግሥቱን ልጆች በመልክ የሚያውቁት ሹሞች ሁሉ ኢጣልያ ናቸው። ንጉሥ ሳይሆን አመፅ ሊመራ የሚችል ታላቅ ባለርስትም አልቀረም። ቢቀር እንኳ የፔላው ሰው በአንፊጶል እንዲታዘዝ 18 ዓመት ሙሉ ያልተጋቡና መሬትም ቤትም ያልተሻሻጡ ሰዎች መስማማት ነበረባቸው። የአድራሚጢዮኑ እንግዳ ከአራቱ የማንኛውም ወገን አልነበረም። ይህ ድካሙ ሳይሆን ጉልበቱ ይመስለኛል።

ፖሊቢዮስ የመዘነው እያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ የቀረለትን ነው፤ በዚያ ሚዛን መቄዶንያውያን አብደዋል። አብረው አንድ ነገር ማድረግ የሚችሉበትን መንገድ መነጠቃቸው በሒሳቡ አልገባም።

ስሙ የማይሻገረው ድንበር

በ149 መጨረሻ ወይም በ148 መጀመሪያ ፑብልዮስ ዩወንትዮስ ታልና የተባለ ፕራይቶር፣ ማለትም ጦር የሚያዝ ከፍተኛ የሮማ ሹም፣ አንድ ሌጌዎን ይዞ መጣ። ተገደለ፤ ጦሩም ከእሱ ጋር አለቀ። በዚያው ጊዜ በሮማ የተከበበችው ካርታጎ ለአንድሪስኮስ መልእክተኛ ልካ ገንዘብና መርከብ እንሰጥሃለን፣ በርታ አለችው። በዚህ ዘመን ንጉሥ ፊልጶስ የሚል ጽሑፍ ያለበት የብር ገንዘብ ተመትቷል፤ ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ፣ ሊቃውንትም የእሱ ናቸው ይላሉ።

ቴሳሊያ ላይ ግን ነገሩ ቆመ። በምዕራፍ 3 እንዳየነው፣ በ196 ፍላሚኒኑስ በኢስትሞስ ጨዋታዎች ላይ የግሪኮችን ነፃነት ሲያውጅ ከማን ነፃ እያወጣቸው ነበር? ከፊልጶስ፣ ከፐርሴዎስ አባት። ለመቄዶንያዊ ጆሮ የጥሪ ደወል የሆነው ስም ለቴሳሊያዊ የድሮ ጌታ ስም ነው። ስኪፒዮ ናሲካ በልዑክነት ብቻ ሄዶ፣ የሮማ ጦር ሳይኖረው፣ ከአካይያ ሰው ሰብስቦ መንገዱን ሊዘጋ የቻለው ለዚህ ነው። ግሪኮች በሮማ ላይ አንድ ልብ ሆነው ያልተነሡበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደ ፈሪነት ይነገራል፤ ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው ስም አልነበራቸውም።

በ148 ኩንቶስ ካይኪልዮስ ሜተሎስ ትልቅ ጦር ይዞ ደረሰ፤ የጴርጋሞን መርከቦች በባሕር አገዙት። የመጀመሪያው ግጭት በፈረሰኞች ነበር፤ አንድሪስኮስ በለጠ። በዚህ ተማምኖ ጦሩን ከፈለና አንዱን ክፍል ወደ ቴሳሊያ ላከ። ሜተሎስ የቀረውን ፒድና አጠገብ መታው። ከ20 ዓመት በፊት ፐርሴዎስ የወደቀበት ስፍራ ማለት ነው። አንድሪስኮስ ወደ ትራቅያ ሸሽቶ ሌላ ጦር ቢያሰባስብም ዳግመኛ ተሸነፈ፤ ቢዜስ የሚባል የትራቅያ አለቃም አሳልፎ ሰጠው። በ146 በሜተሎስ የድል ሰልፍ ታስሮ አለፈ፤ ከዚያም ተገደለ። የሮማው ጸሐፊ ፍሎሮስ እንደሚለው በመከራው አንድ ነገር ተሳካለት፤ ሮማ እንደ እውነተኛ ንጉሥ ቆጥራ ድሏን አከበረችበት።

ሜተሎስ ከመቄዶንያ ይዞ የሄደውን ማየት ያስፈልጋል። ዲዮን በተባለችው የመቄዶንያውያን ቅድስት ከተማ ሊሲጶስ የቀረጻቸው የነሐስ ፈረሰኞች ቆመው ነበር። እስክንድር በ334 በግራኒኮስ ወንዝ ውጊያ የወደቁ ባልንጀሮቹን ለማስታወስ ያሠራቸው ናቸው። ሜተሎስ ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰዳቸው፣ በሠራው ባለ ዓምድ አደባባይም አቆማቸው። እንደ ዝርፊያ ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ሮማ በ167 ሰዎቹን ወስዳ ስሙን መተዋ ምን እንዳስከተለ ካየ አዛዥ እጅ የወጣ ሥራ አድርጌ አነበዋለሁ።

አራቱ ቁራጮች በሮማ አገረ ገዥ ሥር ገቡ። ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጠው የኤግናትያ መንገድ ተሠራ፤ ጦር በሳምንታት ውስጥ ከአድርያቲክ ዳርቻ ወደ ተሰሎንቄ እንዲደርስ። ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የመቄዶንያ ሰዎች በድንጋይ ጽሑፎቻቸው ላይ ዓመት ሲቆጥሩ 148ን አንደኛ ዓመት አድርገው ጀመሩ። ያም ሆኖ ስሙ ወዲያው አልሞተም። በ142 አካባቢ ሌላ የፐርሴዎስ ልጅ ነኝ ባይ 16,000 ሰው አሰልፎ ተነሣ፤ ሉክዮስ ትሬሜልዮስ የሚባል የበታች ሹም ደመሰሰው። ሁለተኛው ነኝ ባይ ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ የወደቀው ያገሬው ሰው ስላወቀበት አይመስለኝም። አገረ ገዥ ባለበት፣ ጦር በመንገድ ላይ በሚመላለስበት አገር ጎረቤቴ ይወጣል ብሎ መገመት ከባድ ሆኗል።

እውነተኛው ልጅ

ሰውን የሚያሰልፈው ደም ሳይሆን የጋራ ግምት ነው የሚለው አስተያየት ልክ ከሆነ ተገላቢጦሹም መታየት አለበት፤ ደሙ እውነተኛ የሆነ፣ ስሙ ግን ሰው የማይሰበስብለት ሰው መኖር አለበት። አለ። አሪስቶኒኮስ ይባላል።

በ133 የጴርጋሞን ንጉሥ ሦስተኛው አታሎስ ወራሽ ሳይተካ ሞተ፤ በኑዛዜውም መንግሥቱን ለሮማ ሕዝብ ሰጠ። የጴርጋሞንን ከተማ ግን ነፃ ለቀቃት። አሪስቶኒኮስ የቀደመው ንጉሥ የሁለተኛው ኤውሜኔስ ልጅ ነው፤ እናቱ የኤፌሶን በገና ደርዳሪ ልጅ ነበረች ይባላል። የአባቱን ስም ወስዶ ንጉሥ ኤውሜኔስ ነኝ አለ። እንደ አንድሪስኮስ ተረት መፍጠር አላስፈለገውም።

ከተሞቹ ግን አልመጡለትም። ንጉሡ ራሱ ከንጉሥ አገዛዝ ነፃ ሲያወጣቸው ለምን ይመጣሉ? ጴርጋሞን እጅግ ፈጥና ለመጤ ነዋሪዎችና ለወታደሮች ዜግነት ሰጠች፣ የንጉሡን ባሪያዎችም ወደ ነዋሪነት ደረጃ አወጣች፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አዋጅ ዛሬም አለ። አሪስቶኒኮስ ሊጠራቸው የሚችለውን ሰዎች ቀድማ ጠራቻቸው ማለት ነው። ኤፌሶን መርከቦቿን አውጥታ በኪሜ አጠገብ ባሕር ላይ አሸነፈችው። የቢታንያ፣ የጶንጦስ፣ የጳፍላጎንያና የቀጰዶቅያ ነገሥታት ሁሉ ለሮማ አገዙ፤ የቀጰዶቅያው አርያራቴስ በዚሁ ጦርነት ሞተ።

በዚህ ጊዜ አሪስቶኒኮስ ወደ መሀል አገር ገባና የሚጠራውን ሕዝብ ለወጠ። ድሆችን፣ ነፃነት ቃል የገባላቸውን ባሪያዎች ሰበሰበና የፀሐይ ከተማ ሰዎች ብሎ ሰየማቸው። በሮማ የመሬት ማሻሻያ ያነሣው የጥብርዮስ ግራኮስ ወዳጅ፣ ፈላስፋው ብሎሲዮስም ግራኮስ ከተገደለ በኋላ ወደ እሱ ሸሸ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ቢታሰብም የጥንቶቹ የተዉልን ቃል ጥቂት ነውና ሕልሙ ምን እንደነበር ልስል አልሞክርም። የማየው ግን የንጉሥ ስም ብቻውን አልበቃ ሲለው ሌላ ስም መጨመሩን ነው።

የሄደበትን መንገድ ገንዘቡ ያሳየናል። በሠፈረባቸው ከተሞች የተመታ ብር ላይ፣ ከእባብና ከቅርጫት ምስል አጠገብ፣ ንጉሥና ኤውሜኔስ የሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት ከዓመት ቁጥር ጋር በትንሹ ተቀርጸዋል። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የገንዘብ ታሪክ ሊቅ የእሱ መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ የአባቱ ይመስሉ ነበር። ሁለተኛው ዓመት በትያጥሮን፣ ሦስተኛው በአጶሎኒስ፣ አራተኛው በአጶሎኒስና በስትራቶኒቅያ ተመትቷል። ከባሕር ርቆ፣ ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ የሚገፋ ንጉሥ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ቆንስል፣ ማለትም ከፕራይቶር የሚበልጥ የሮማ ሹም፣ ገድሏል። ፑብልዮስ ልኪንዮስ ክራሶስ ሙኪያኖስ አምስት ዓይነት የግሪክ አነጋገር አጥንቶ ባለጉዳይን ሁሉ በየቋንቋው ዘዬ ይዳኝ የነበረ ሰው ነው። በሌዎቄ አጠገብ ተሸንፎ ሲማረክ፣ ከውርደት ሞትን መርጦ በፈረስ መንጃ በትሩ የማራኪውን ትራቅያዊ ዓይን ወጋ፤ ትራቅያዊውም ገደለው። ተከታዩ ቆንስል ማርቆስ ፐርፐርና አሪስቶኒኮስን በስትራቶኒቅያ ከቦ በረሃብ ያዘው። ሮማ ወስደው በእስር ቤት አነቁት። የቀሩትን ከተሞች የጨረሰው ማንዮስ አኲልዮስ ነው፤ ውኃቸውን በመርዝ እየበከለ እንዳስገበራቸው ፍሎሮስ በቁጭት ይጽፋል።

ሐሰተኛው ፊልጶስ አንድ ሙሉ አገር አሰለፈ፤ እውነተኛው የኤውሜኔስ ልጅ የአባቱን ዋና ከተማ እንኳ አላገኘም። ልዩነቱን በደማቸው ውስጥ የሚፈልግ አያገኘውም። መቄዶንያ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሁሉም ሌላው እንደሚመጣ ገመተ፤ እስያ ውስጥ ኤፌሶን ጴርጋሞንን፣ ጴርጋሞን ኤፌሶንን እያየች ማንም እንደማይመጣ ገመተች።

አኲልዮስ የእስያን ክፍለ ሀገር ሲያቋቁም ለረዳው የጶንጦስ ንጉሥ ፍርግያን በሽልማት ሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ሮማ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሽልማቱን መልሳ ወሰደች። በ123 ደግሞ በጋዮስ ግራኮስ ሕግ የእስያ ግብር ለሮማ ነጋዴዎች በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ የነፃዎቹ ከተሞች ለሮማ የነበራቸው ግምት ከዓመት ዓመት ተቀየረ። ያ ልጅ ሲያድግ ስድስተኛው ሚትሪዳጥስ ሆነ። በ88 በአንድ ቀን በእስያ ያሉ ኢጣልያውያን ሁሉ እንዲገደሉ ለከተሞቹ ደብዳቤ ሲልክ፣ ከ45 ዓመት ያህል በፊት ለሮማ መርከብ ያወጣችው ኤፌሶን በአርጤምስ መቅደስ የተጠጉትን ከምስሎቹ ሥር እየጎተተች ገደለች። የማንዮስ አኲልዮስ ልጅም በጴርጋሞን በሚትሪዳጥስ ትእዛዝ ተገደለ። ይህን ንጉሥ ማንም ሐሰተኛ ሊለው አልቻለም፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ የምንከተለው እሱን ነው።